ፍላሹን ፎርማት አላስደርግም

ጌጃ ሰፈር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሀዲያ፣ ዶሃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፤ መርፌዎን ከመሰበር፣ ክርዎን ከመወሳሰብ ይጠብቅልኝ።

ይህን ወረቀት የያዙት ቆመው ከሆነ እባክዎ ይቀመጡ። ተቀምጠው ከሆነ ግድግዳ ይደገፉ። በከባድ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የማረዳዎ ነገር አለኝ። ዛሬ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በቤታችን ጓዳ፣ ከእኔና ከጎረቤት ድመት በቀር ማንም ባልተገኘበት፣ የላኩት ፍላሽ ከአባቴ ስልክ ጋር ተገናኘ። ስልኩም ፍላሹን አላወቀውም።

መርዶው ይኸው ነው። አልቅሰው ሲጨርሱ ዝርዝሩን ያንብቡ።

በወረቀት የምጽፍልዎ ወድጄ አይደለም። ስልክዎ ላይ ብሎክ አድርገውኛል። በረመዳን «ሰሚር፣ አንተ ሰነፍ፣ ተነስተህ ስገድ!» ብለው የላኩልኝን ድምፅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የስልክ መጥሪያ ማድረጉን አልክድም። ያከፋፈልኩት ግን ለአሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀረው በራሱ ጊዜ ነው የተስፋፋው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ታክሲ ውስጥ አንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ ጮኾ ሁለት ሰው ከወንበሩ ተነስቷል። ይህ ሁሉ አጅር፣ የአላህ ምንዳው፣ ለእርስዎ እየተጻፈ እኔ እቀጣለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ። ዕቃ አመላላሿ ጀነት ፍላሹን፣ ማገናኛዋንና ማስታወሻዎን በሰላም አስረክባኛለች። ያዘዙኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ፈተና ላይ እንዲህ ብይዝ ኖሮ አሥረኛ ክፍል ላይ አልቆምም ነበር። ፍላሹ ውስጥ የሪሀና አባት፣ የጋሽ ሁመድ ድምፅ አለ። ሪሀና ስትወለድ ከጅዳ ቀርጾ የላከው ካሴት ነው። እሱ እዚያው በመኪና አደጋ ሲሞት ሪሀና የስምንት ወር ልጅ ነበረች፤ አንድ ቃል እንኳ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እርስዎ ካሴቱን ዶሃ ላይ ወደ ፍላሽ ሲያስገለብጡ ማጫወቻው ክሩን በላው፤ አሁን ድምፁ ያለው እዚህ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። የሪሀና ኒካህ የሚታሰረው ሰኔ 22፣ እሁድ ነው። የዚያን ዕለት ልጅዎ ከሁሉ በፊት ትሰማዋለች። እስከዚያ ለእሷ ትንፍሽ አልልም፤ ለአባቴም አልናገርም፣ ሱሪ ሲለካ የማያወራው ምስጢር ስለሌለ። የሱቅ ኮምፒውተር ላይ አልሰካም። ስልኩ ማንበቡን ብቻ አይቼ፣ ሳልከፍት እነቅላለሁ።

ችግሩ፣ አላነበበም። የእኔ ስልክ ቀዳዳው የድሮ ስለሆነ ማገናኛዋ አትገባበትም። የእናቴ የፋይዛ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ፍላሽ ቢያሳዩት ይደነግጣል። ሪሀናም አብራን ብትኖር ስልኳ ከእጇ አይለይም። የቀረው የአባቴ ነው፤ እሱንም የማገኘው ቻርጅ ላይ ሰክቶት ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት፣ መስጊድ ሲሄድ ብቻ ነው። ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ገልብጬ ሰካሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሰካሁ። ስልኩ እንደተጣላ ጎረቤት አይቶ እንዳላየ አለፈው።

ምን ይታዘዛል? ብሎኩንም ያስቡበት።

አላህ እጅዎን አያሳጥረው።
ታዛዥዎና ጥፋት የሌለበት፣ ሰሚር አብዱልከሪም

ዶሃ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰሚር

ወዓለይኩሙስሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ልብ ይስጥህ። ለእናትህ ትዕግሥት ይጨምርላት፤ እስካሁን የሰጣት አንተው ላይ አልቋል።

«እርስዎ» እያልክ አታላግጥብኝ። ታቅፌህ ቀሚሴን ያበላሸህ ልጅ ነህ፤ አንቺ እያልክ ነው ያደግከው።

ጀነት «ተቀምጣ ታንብበው ብሏል» ብላ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። «የማረዳዎ ነገር አለኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው የሞተ መስሎኝ ነው። እዚህ አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች ማሽን አቁመው ውሃ አመጡልኝ። ድመቷን ሳነብ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ስስቅ አይተው ይበልጥ ፈሩ። አላህ የሥራህን ይስጥህ።

አሁን በቁም ነገር እጠይቅሃለሁ፤ በቁም ነገር መልስ። አጥፍተኸዋል? ከፍተህ ለልጆቹ አሰምተኸዋል? ካጠፋህ አሁኑኑ ንገረኝ። የኔ ድምፅ በየታክሲው ሲጮህ ችዬዋለሁ። የሁመድን ድምፅ የሰፈር ልጅ ኪስ ውስጥ ብሰማ ግን እስከ ቂያማ ቀን አልምርህም።

ፍላሹ ይሠራል። የገለበጠልኝ ልጅ በዚያችው ማገናኛ በራሱ ስልክ ከፍቶ አሰምቶኛል፤ መጨረሻው ድረስ ሰምቻለሁ። ሄጄ ስጠይቀው «አንዳንድ ስልክ ኦቲጂ የሚባለውን ዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ያብራው። ባትሪውም ይሙላ፤ ቀዳዳውም ቆሻሻ ይዞ እንደሆነ ይጽዳ» አለ። ይህን አድርገህ ጻፍልኝ። ቀልዱን ቀንሰህ።

ሪሀና ዓርብ ስደውልላት የምታወራኝ ስለ መጋረጃ ብቻ ነው። ደህና ናት? ትበላለች?

ብሎኩ ባለበት ይቆያል።

ሀዲያ

ጌጃ ሰፈር፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ሀዲያ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ሳቅሽን ያብዛው፤ ስትስቂ ውሃ የሚያመጡልሽንም ይባርካቸው።

አንቺ በይ ስላልሽ አንቺ ብያለሁ።

አላጠፋሁትም። አልከፈትኩትም። ላጠፋው ብፈልግ እንኳ ስልኩ ሳያየው በምን ላጥፋው? በላጲስ?

ያልሽውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ኦቲጂ የሚለውን ፈልጌ አገኘሁት፤ እውነትም ዝግ ነበር። ስከፍተው «ይኸው በቃ» ብዬ ብቻዬን ዘለልኩ፤ ድመቷ ሸሸች። ሰካሁት። ዝም። በማስታወሻሽ ፍላሹ ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት አለች ብለሽ የለ? አልበራችም። በማግስቱ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ባትሪው መቶ እስኪሞላ ጠበቅሁ። ቀዳዳውን በንጹህ የጥርስ ብሩሽ ጠራረግሁ፤ የወጣው አቧራ የመሬት ሊዝ ያስፈልገዋል። ሰካሁ። ዝም። ሁሉንም ያደረግሁት በዐስር ሶላት ሰዓት ነው። አባቴ «ሰሚር ሰሞኑን ሶላት ስወጣ በር ድረስ ይሸኘኛል፤ ልጁ ልብ ገዛ» ብሎ ለእናቴ ነግሯታል። እሷ አላመነችም።

ሲቸግረኝ ተክለ ሃይማኖት ወረድኩ። ሰላሁን የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ፤ ሰፈሩ ሙሉ እሱ ጋ ነው የሚሰለፈው። አትቆጪ፣ ፍላሹን አልሰጠሁትም። ኪሴ ውስጥ በእጄ ጨብጬ ነው የቆምኩት።

«አምጣው» አለኝ።

«አልሰጥህም። በቃል ንገረኝ።»

«ሐኪም ቤት ሄደህ በሽተኛውን ትደብቃለህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ፎርማት ነው።»

«ሳታየው?»

«ጀለሴ፣ ባየውም ፎርማት ነው።»

«ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ይጠፋል። ፍላሹ ግን አዲስ ይሆንልሃል።»

ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት፣ እማማ ወለተሰንበት፣ «ልጄ፣ የኔንም እንደዚሁ አዲስ አደረገልኝ፤ የልጄ ምርቃት ፎቶ ነበረበት» አሉ። ሰላሁን «ማዘር፣ ፍላሹ ይሠራል አይሠራም?» አላቸው። «ይሠራል» አሉ፣ «ባዶውን።»

እጁን ወደ ኪሴ ሲሰድ ወጥቼ ሮጥኩ። ወላሂ ሮጥኩ። ሰው ሌባ መስሎት አንድ ጥበቃ እስከ አደባባዩ ተከተለኝ። ቆሜ ኪሴን አሳየሁት። «ፍላሽ?» አለ። «ፍላሽ» አልኩት። «የማን?» «የእህቴ አባት።» ጭንቅላቱን ነቅንቆ ተመለሰ።

ስለዚህ ይኸው ቃሌ፦ ሰላሁን ፎርማት ቢል፣ አንቺ ፎርማት ብትዪ፣ የስልክ ሚኒስቴር ቢቋቋምና ፎርማት ብሎ ቢያውጅ፣ ይህን ፍላሽ ፎርማት አላስደርግም። አዲስ ፍላሽ መደብር ሞልቷል። እኔ አሮጌውን ነው የምፈልገው።

ሪሀና ደህና ናት፤ ትበላለች፤ የኔንም ትበላለች። «ጣጣ» እያለች ትጠራኛለች፤ ካንቺ ነው የተማረችው።

አላህ በኔ ላይ ያለሽን ጥርጣሬ ያንሳልሽ።
ሰሚር

ዶሃ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰሚር

አሰላሙ ዓለይኩም። ለዒዱ እንኳን አደረሳችሁ። አላህ ቤታችሁን በበረካ ይሙላው።

ብዙ ጻፍክ። እማማ ወለተሰንበትም ጥበቃውም ደስ ይላሉ፤ ግን አንተ የምትናገረውን ማን ያውቃል? አምና ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብለህ አባትህን በፎጣ አስወጥተኸዋል።

ፍላሹን ለጀነት ስጣት። ታምጣልኝ። ኒካሁ ያለ እሱም ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሳትሰማው ኖራለች።

ሌላ ነገር አትሞክር። ለማንም አትናገር። ስጣት፣ በቃ።

ሀዲያ

ጌጃ ሰፈር፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ሀዲያ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ይህን ስታነቢ ቁጣሽን ያብርድልሽ። እንደማይበርድ አውቃለሁ፤ ዱዓው ግን ግዴታ ነው።

ጀነት መጣች። እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም።

«ሀዲያ አምጪ ብላኛለች» አለች።

«ሰሚር አልሰጥም አለ በያት።»

«እኔን በመሃል ቤት አታጣሉኝ፣ ሻንጣዬ ይበቃኛል!» ብላ ጮኸች። እናቴ ሰምታ ወጣች። «ምንድን ነው የማትሰጠው?» አለችኝ። «ልቤን» አልኳት። በነጠላ ጫማ መታችኝ። ጀነት እስኪያስላት ሳቀች። ምስጢሩ አልወጣም፤ ትከሻዬ ግን እስካሁን ያመኛል።

አሁን ቀልዱን አቆማለሁ፤ ካልወደድሽው እቀጥላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሪሀና ለኒካሁ የሚሰፋላትን ቀሚስ ስትለካ ነበር። አባቴ መርፌ በአፉ ይዞ ጫፉን ያጥፋል። እኔ ካውያ ላይ ነኝ። ድንገት «የአባቴ ድምፅ ወፍራም ነበር ቀጭን?» አለችው። አንቺ፣ አባቴን ታውቂዋለሽ፤ ለመርካቶ ሸማኔ ሁሉ የሚመልሰው አያጣም። መርፌዎቹን ከአፉ አውጥቶ «የሰው ድምፅ ነበር» አላት። ወዲያው ቀሚሱን ሲያጠብ በመርፌ ወጋት፤ «ኡይ!» አለች፤ በዚያው ታለፈ። ካውያው ሸሚዝ አቃጠለብኝ። ፍላሹ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እና «ሃያ ሁለት ዓመት ሳትሰማው ኖራለች» አልሽኝ። አዎ ኖራለች። ግን ማን ነው ያላሰማት? ካሴቱ ጌጃ ሰፈር አልነበረም፤ ካንቺ ጋ ነው የኖረው። መጀመሪያ ትስማው ብለሽ ላክሽ፤ ስልኩ እምቢ ሲል ቶሎ መልስልኝ አልሽ። የምትቆጪው ስልኩ ስላላወቀው አይመስለኝም። ስልኩ ባያውቀው የምትወጂ ነው የሚመስለኝ።

ጥፋት ተናግሬ ከሆነ ብሎክ ላይ ብሎክ ጨምሪበት። ፍላሹን ግን አልመልስም። የሪሀና ነው። አሥራ ሰባት ቀን አለኝ። ስልክ እሰርቃለሁ እንጂ ሰኔ 22 ቀን ይህ ነገር ይናገራል።

እምቢተኛሽ፣ ሰሚር

ዶሃ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰሚር፣ ለአብዱልከሪም ልጅ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ካንተም ከኔም ይቅር ይበል።

ደብዳቤህን ሦስት ቀን ማሽኔ ሥር አስቀምጬ ነበር። ልቀደው ነበር። በአራተኛው ቀን እንደገና አነበብኩት።

ልክ ነህ። ስልኩ አላወቀውም ስትለኝ ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ሥር ደግሞ እፎይ ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ እፎይታ ሰው አያሳይህ።

ካሴቱ ላይ ሁመድ ለልጁ ይናገራል፣ ይስቃል፣ ዱዓ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ለኔ ይናገራል። «ሀዲያ፣ ልጄን ለሰው ትተሽ እንዳትሰደጂ» ይላል። ስሜን ጠርቶ። እኔ ሪሀናን ስድስት ዓመት ሲሞላት እናትህ ጉያ አስቀምጬ ሄድኩ። በየዓመቱ ካሴቱን ላሰማት ብዬ እነሳለሁ፤ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ እተወዋለሁ። እንዲቆርጥልኝ ለገለበጠው ልጅ ልነግረው ነበር። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። የሞተ ሰው ንግግር መቁረጥ አልቻልኩም።

ግን ይህንንም ጻፍ፣ አንተ የማትረሳ ልጅ፦ አልጸጸትም። ሄጃለሁ። ዛሬ ቢሆንም እሄዳለሁ። የሰፋሁት ዓባያ ቢደረደር ከልደታ ቃሊቲ ይደርሳል፤ አንዱንም ለራሴ አልሰፋሁም። ልጄ ኮሌጅ ጨርሳለች። የሚጠይቀኝ ካለ ይምጣና ይጠይቀኝ። እሷ ብትጠይቀኝ ነው መልስ የማጣው።

ስለዚህ አሰማት። ያቺ ቦታ ላይ ስትደርሱ እንዳታቆሙት። እያሳልክ እንዳታሳልፈው፣ አንተን አውቅሃለሁ።

አሁን ወደ ስልኩ። ብሩሹን ነገርከኝ፣ ባትሪውን ነገርከኝ፣ ድመቷን ነገርከኝ። ስልኩ ምን እንደለበሰ ግን አልነገርከኝም። አብዱልከሪም ሬዲዮ ልብስ ያለበሰ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ሸሚዝ ያለበሰ፣ የቡታጋዝ ሲሊንደር ቀሚስ የሰፋ ሰው ነው። የራሱን ስልክ እርቃኑን አይተወውም። ቆዳ ነው? ስንት ድርብ ነው? የቻርጀሩ አንገት ረጅም ነው፤ ድርቡን አልፎ ይገባል። የላክሁልህ ማገናኛ አንገቷ አጭር ናት፤ ጠርዙ ይዞ ያስቀራታል። የገባች ትመስልሃለች፤ አልገባችም።

ስፌቱን ፍታው። አዛዧ እኔ ነኝ በለው።

ሀዲያ

ጌጃ ሰፈር፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሀዲያ፣ የሙሽራ እናት

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ደስ ያለሽ። ልጅሽን ድረናል። አልተመለሰችም እስካሁን፤ ምልክቱ ጥሩ ነው።

በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። እስከ «ምን እንደለበሰ» ድረስ አንብቤ ግንባሬን በጥፊ መታሁ። ስልኩ ልብስ እንዳለው እኮ ረስቼዋለሁ! እዚህ ቤት ልብስ ያልለበሰ ዕቃ ሲኖር ነው ሰው የሚገርመው። ሁለት ድርብ የበግ ቆዳ፣ ውስጡ ሸራ፣ ፊቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ፣ ዙሪያው በማሽን የተዘጋ። አባቴ ሰፍቶ ሲጨርስ «እንግዲህ እኔ ነኝ የማወጣው ወይም እሳት» ብሎ ነበር። ለቻርጀሩ የተዋት ቀዳዳ ለፍየል ዓይን ትጠባለች።

ዐስር ሶላት ሲወጣ በር ድረስ ሸኘሁት። ተመልሼ ስፌት መፍቻውን አነሳሁ። ግማሹን እንደፈታሁ ቆቡን ረስቶ ተመለሰ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ስልኩ ሞቆት ነው።»

«ሰሚር!»

«አባዬ፣ አዛዧ አክስቴ ሀዲያ ናት።»

ያን ጊዜ ማገናኛዋ ገባች። ጠቅ አለች፤ ከዚህ በፊት ጠቅ ብላ አታውቅም። ሰማያዊዋ መብራት በራች። ስልኩ ላይ አንድ ፋይል መጣ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። «ሁመድ» ይላል ጽሑፉ።

«የትኛው ሁመድ?» አለኝ። ነገርኩት። ወዲያው ጣቱን ሰደደ ሊነካው። እኔም መታሁት። አክስቴ፣ የአባቴን እጅ መታሁ። እግሬ ሊሮጥ ተዘጋጅቷል፤ እጄ ግን ስልኩ ላይ ቀረ።

«መታኸኝ?»

«ሪሀና ትቅደም። ከዚያ እንደፈለግህ መልሰህ ምታኝ።»

አልመታኝም። የስፌት ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ከኔ ጋር ነው እኮ ያደገው» አለ። ቆቡ ተረስቶ ሶላቱ አለፈው፤ ቤት ነው የሰገደው። ዓርብና ቅዳሜ ሱቁን ዘጋ። «ደንበኛ ከመጣ እነግረዋለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ» ብሎ ነው። እናቴ የታመመ መስሏት ሾርባ አቀረበችለት።

አልከፈትኩትም። ብታምኚኝም ባታምኚኝም፣ አልከፈትኩትም። ሦስት ቀን እጄ ውስጥ ነበር። ካላመንሽ አባቴን ጠይቂ፤ ሌሊት ስልኩን እኔ ከሱ እሱ ከኔ እየጠበቅን ነው ያደርነው።

እሁድ ጠዋት፣ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት፣ ሪሀናን ጓዳ አስገባናት። «ምን ልታደርጉኝ ነው?» አለች፣ እኔን እያየች። አላመነችኝም፤ ልክ ናት። አባቴ ነገራት። ማዳመጫ እንዳንሰጣት ማዳመጫውም የሚሰካው እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው። ስለዚህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠጋች፤ ፍላሹ ከሥሩ እንደ ጉትቻ ተንጠለጠለ። ልወጣ ስል ክንዴን ያዘች። «ቁጭ በል፣ ጣጣ።»

ድምፁ ቀጭን ነው አክስቴ! እኔ ወፍራም ነበር የጠበቅኩት። ልሳኑ የወሎ ነው፤ ከኋላው ብርጭቆ ይንኳኳል። «ልጄን ወደ ቴፑ አስጠጊልኝ፤ እንዳይርቃት» አለ መጀመሪያ። ሪሀና ስልኩን ይበልጥ አስጠጋችው። አብራን የነበረችው እናቴ ያኔ ወጣች። አባቴ አለቀሰ፣ እኔ አላለቀስኩም፤ ጓዳው አቧራ ስለነበረው ነው።

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። አላሳልኩም። «ሀዲያ፣ ልጄን ለሰው ትተሽ እንዳትሰደጂ» አለ፣ እንዳልሽው፣ ስምሽን ጠርቶ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ጣራውን። ሪሀና አቆመችው። መለሰችና ደግማ ሰማችው።

«ይህን የሚለው የት ሆኖ ነው?» አለች።

«ጅዳ» አላት አባቴ።

«ራሱ ጅዳ ቁጭ ብሎ?»

አባቴ ቆቡን አስተካከለ።

«ራሱ ተሰዶ እሷን አትሰደጂ ይላል?» ብላ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ነው የምትስቀው፤ የተኳለችውን ሁሉ አበላሸችው። ከዚያ ለስልኩ፣ ለራሱ ለስልኩ ነው የተናገረችው፦ «አባዬ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አንተ ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችኝ። ከዶሃም ሆና እሷ ናት ያሳደገችኝ።» ወደኔ ዞረች። «ለእናቴ ጻፍላት። ከአባቴ ጋር ዛሬ ተዋወቅን፣ ዛሬውኑ ተጣላን። የተጣላነው በሷ ነው። እኔ ከሷ ጋር ነኝ በላት።»

ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፤ አልጨመርኩም። ለምን እራስሽ ደውለሽ አትነግሪያትም ስላት «ብደውል ሁለታችንም እናለቅሳለን፤ አንተ ጻፈው፣ እየተናደደች ታነበዋለች» አለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ እንደገና ተኳለች፤ ኒካሁም ታሰረ። ድምፁን ሁለት ፍላሽና አንድ ስልክ ላይ አባዝቼዋለሁ፤ ያባዛሁት ቤት ውስጥ ነው፣ ማንም ኪስ ውስጥ የለም።

እንግዲህ አክስቴ፣ ያን ሁሉ ያስጮኸን፣ ያሳደደኝ፣ በነጠላ ጫማ ያስመታኝ አንድ የቆዳ ጠርዝ ነው። በማስመሪያ ለካሁት፤ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። ስልኩ አልታመመም፤ ፍላሹ አልሞተም፤ ማገናኛዋም እንከን የላትም። መርዶ ብዬሽ ነበር፤ አጋንኜዋለሁ። ሲታይ ሲታይ፣ በእውነቱ፣ ትንሽ ነገር ነበር።

አላህ ከልጅሽ ጋር ያገናኝሽ።
ሰሚር